ሥራው በውል ቢተላለፍም ግዴታው አይተላለፍም፦ መንግሥት ለታራሚዎች በሚገዛው የስፔሻሊስት ሕክምና ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

አጠቃሎ

ማረሚያ ቤቶች በግቢያቸው ሊሰጡ የማይችሉትን የስፔሻሊስት ሕክምና ከውጭ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በውል ይገዛሉ። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎችና በካሊፎርኒያ ግዛት ተሞክሮ ላይ በማተኮር፣ ውል ሥራውን ወደ ሌላ እጅ ቢያስተላልፍም የመንግሥትን ግዴታ እንደማያስተላልፍ ያሳያል። ውሉ በሚገባ ካልተዘጋጀ ደግሞ የሕመምተኛውን ችግር የማወቅ፣ የመወሰንና የመክፈል ኃላፊነትን በተለያዩ እጆች ላይ ይበትናል፤ ታራሚው የሚጎዳውም በእነዚህ እጆች መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ማረሚያ ቤት፣ የስፔሻሊስት ሕክምና፣ የመንግሥት ግዥ፣ የሕክምና ውል፣ የታራሚዎች መብት

1. መግቢያ

በነፃነት የሚኖር ሕመምተኛ ሐኪሙ ቢዘገይበት ሌላ ይፈልጋል፤ ባይረካ ሆስፒታል ይቀይራል፤ ገንዘብ ቢያጥረው ከዘመድ ተበድሮ ይታከማል። ታራሚው ግን ሐኪሙን አይመርጥም። ከግቢው የሚወጣው በሌሎች ፈቃድ፣ በሌሎች ተሽከርካሪና በሌሎች አጃቢነት ነው። የቀጠሮው ቀንም ለጥበቃ ሲባል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይነገረውም።

የማረሚያ ቤት ክሊኒክ የዕለት ተዕለቱን ሕመም ሊከታተል ይችላል። የካንሰር ሕክምናን፣ የኩላሊት እጥበትን፣ የልብ ምርመራንና ከባድ ቀዶ ሕክምናን ግን በየማረሚያ ቤቱ ማደራጀት አዳጋች ነው። ባለሙያው ጥቂት፣ መሣሪያው ውድ፣ በአንድ ግቢ ያለው ሕመምተኛም ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ስለዚህ መንግሥት ይህን አገልግሎት ከውጭ መግዛቱ በራሱ ጉድለት አይደለም። መመርመር ያለበት ውሉ ሲፈረም ምን እንደሚተላለፍና ምን እንደሚቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የግዴታው የሕግ መሠረት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በኤስቴልና ጋምብል መዝገብ በሰጠው ውሳኔ፣ የታራሚን ከባድ የሕክምና ፍላጎት እያወቁ ችላ ማለት በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ማሻሻያ የተከለከለ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት እንደሆነ ወሰነ። የውሳኔው መነሻ ቀላል ነው፦ መንግሥት አንድን ሰው በማሰሩ ራሱን የማሳከም ዕድል ነፍጎታል፤ ስለዚህ ሕክምናውን የማቅረብ ግዴታ በራሱ በመንግሥት ላይ ይወድቃል።

ሕክምናው በውል የሚሰጥ ሲሆን ምን ይከተላል የሚለው ጥያቄ በ1988 በዌስትና አትኪንስ መዝገብ መልስ አገኘ። ጉዳዩ በሰሜን ካሮላይና በሚገኝ የማረሚያ ቤት ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ክሊኒኮችን በውል ይሸፍን የነበረን የአጥንት ስፔሻሊስት የሚመለከት ነበር። የሥር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐኪሙ በሙያው ነፃ ውሳኔ ስለሚሰጥ የመንግሥትን ሥልጣን ይዞ እንደሠራ አይቆጠርም ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። ታራሚው ሌላ ሐኪም የመምረጥ ዕድል ስለሌለው፣ ሐኪሙ በየወሩ ደመወዝ ቢቀበልም በውል ቢከፈለውም የሚሠራው የመንግሥትን ግዴታ ነው ሲል ወሰነ። በዚህም ሐኪሙ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችልና ውሉም መንግሥትን ከግዴታው ነፃ እንደማያወጣው ተረጋገጠ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም ተመሳሳይ አቋም አላቸው። ደንብ 24 የታራሚዎች ጤና የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑንና ሕክምናውም በኅብረተሰቡ ዘንድ ከሚሰጠው እኩል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ደንብ 27 ልዩ ሕክምና ወይም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ታራሚዎች ወደ ልዩ ተቋማት ወይም ወደ ሲቪል ሆስፒታሎች እንዲዛወሩ ያዛል። የሕክምና ውሳኔ በጤና ባለሙያ ብቻ እንዲሰጥና የሕክምና ባለሙያ ባልሆነ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ እንዳይሻርም ይከለክላል።

3. ውሉ የሚበትናቸው ሦስት ነገሮች

አንድ ታራሚ ስፔሻሊስት ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበት ሰንሰለት ረጅም ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ሪፈር ይጽፋል። የማረሚያ ቤቱ ወይም የተዋዋዩ ድርጅት ገምጋሚ ያጸድቃል ወይም ይከለክላል። ቀጠሮ ይያዛል፤ ተሽከርካሪና አጃቢ ይመደባል። ስፔሻሊስቱ አይቶ ምክሩን ይጽፋል። የክሊኒኩ ሐኪም ምክሩን ተቀብሎ ይፈጽማል ወይም የማይቀበልበትን ምክንያት ያስረዳል። በመጨረሻም ሂሳቡ ይከፈላል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዕውቀት፣ ሥልጣንና ገንዘብ በሦስት የተለያዩ እጆች ሊያዙ ይችላሉ። ሕመሙን የሚያውቀው ሐኪም መኪና ማዘዝ አይችልም። አጃቢ የሚመድበው ኃላፊ ደግሞ የሕመሙን አጣዳፊነት አያውቅም። ገንዘቡን የያዘው ክፍል ሁለቱንም አያገኛቸውም። እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ተወጥቶ እንኳ ሕመምተኛው ሳይታከም ሊቀር ይችላል።

ይህ ክፍተት በሕግ ረገድም ውጤት አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 በፋርመርና ብሬናን መዝገብ እንደወሰነው፣ አንድ ኃላፊ በስምንተኛው ማሻሻያ መሠረት ተጠያቂ የሚሆነው አደጋውን በእርግጥ እያወቀ ችላ ሲል ነው፤ ማወቅ ነበረበት ማለት ብቻውን አይበቃም። እንግዲህ ውሉ የሚያውቀውን ከሚወስነው ከለያየ፣ የሚያውቀው ሥልጣን አልነበረኝም፣ ሥልጣን ያለው ደግሞ አላወቅሁም ለማለት ይመቸዋል። ግዴታው በመንግሥት ላይ እንዳለ ቢቀርም፣ ግዴታውን ጥሷል ተብሎ የሚጠራ ሰው ለማግኘት ያስቸግራል።

4. የካሊፎርኒያ ተሞክሮ

የካሊፎርኒያ ታራሚዎች በ2001 የመሠረቱት የፕላታ ክስ የዚህን ክፍተት ስፋት ያሳያል። የፌዴራሉ ዳኛ ቴልተን ሄንደርሰን በ2005 ባሰፈሩት ግኝት፣ በግዛቱ ማረሚያ ቤቶች በአማካይ በየስድስትና ሰባት ቀኑ አንድ ታራሚ በሕክምናው ጉድለት ሳቢያ ያለ አግባብ ይሞት ነበር። ዳኛው የሕክምና አስተዳደሩን ከግዛቱ እጅ አውጥተው በባለአደራ አስተዳዳሪ ሥር እንዲሆን ወሰኑ፤ የመጀመሪያው ባለአደራም በ2006 ሥራ ጀመረ።

ለግዥ አጥኚዎች ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከዚያ አስቀድሞ በውሎቹ ላይ የደረሰው ነው። የግዛቱ ኦዲተር በ2004 ባወጡት ሪፖርት፣ የማረሚያ መምሪያው የሚገባቸው የሕክምና ውሎች ለግዛቱ የሚበጁ መሆናቸውና የሚከፈሉት ሂሳቦች ትክክለኛነት በበቂ ሁኔታ እንደማይረጋገጥ አመለከቱ። ትችቱ ተገቢ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ግን እስከዚያ ድረስ ከጨረታ ነፃ የነበሩትን የሕክምና ውሎች በውድድር ሥርዓት ውስጥ ማሳለፍ ሲሆን፣ መምሪያው ይህን የሚሸከም የሰው ኃይልም አሠራርም አልነበረውም። ውሎች ጊዜያቸው እያለፈ ሳይታደሱ ቀሩ፤ ያለ ጸና ውል የተሰጠ አገልግሎት ክፍያ ተያዘ፤ ገንዘባቸውን ያላገኙ ስፔሻሊስቶችም ታራሚዎችን ማየት አቆሙ። ዳኛው በመጋቢት 2006 ጣልቃ ገብተው ግዛቱ የተከማቹትንና የጸደቁትን ሂሳቦች በ60 ቀናት ውስጥ እንዲከፍል አዘዙ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጨረታ ጎጂ ነው የሚል አይደለም። ጨረታ የሚጠብቀው የሕዝብን ገንዘብ ነው፤ የወረቀት ወይም የጠረጴዛ አቅርቦት ለሦስት ወር ቢቋረጥ ጉዳቱ ይካካሳል። የካንሰር ሕክምና ለሦስት ወር ሲቋረጥ ግን የሚተካው ነገር የለም። የግዥ ሕጉ በሁለቱ መካከል ልዩነት ካላደረገ፣ ገንዘብን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ራሱ የሕይወት አደጋ ይሆናል።

5. የክፍያው ስልትና ዝንባሌው

ክፍያው የሚፈጸምበት መንገድ የሐኪሙንና የድርጅቱን ዝንባሌ ይወስናል። ተዋዋዩ በነፍስ ወከፍ ቋሚ ክፍያ የሚያገኝ ከሆነና የውጭ ስፔሻሊስቱን ሂሳብም ከዚያው የሚሸፍን ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሪፈር ከትርፉ ይቀነሳል። ሪፈሩን የሚያጸድቀውም ይኸው ድርጅት ከሆነ፣ ከልካዩና ተጠቃሚው አንድ ናቸው ማለት ነው። በአንጻሩ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚከፈል ከሆነ ወጪው ያድጋል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ቢሮ ለውጭ ሕክምና ያወጣው ገንዘብ በ2010 የበጀት ዓመት ከነበረበት 263 ሚሊዮን ዶላር በ2014 ወደ 327 ሚሊዮን ዶላር ማደጉን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ዘግበዋል። ዋና ኢንስፔክተሩ በተለይ ያነሡት ጉዳይ ቢሮው የሚከፍለው ዋጋ ከሜዲኬር ተመን በላይ መሆኑን ነው።

የሜዲኬድ ደንብም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ፕሮግራሙ በ1965 ሲመሠረት ታራሚዎችን ከሽፋኑ አውጥቷል፤ የተተወው ዋና ልዩ ሁኔታ ታራሚው ከማረሚያ ቤት ውጭ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም ነው። ስለዚህ የተመላላሽ ስፔሻሊስት ምርመራ በአብዛኛው የማረሚያ ቤቱ ወጪ ሆኖ ይቀራል። በጊዜው ሕመሙን የሚያገኘው ምርመራ በማረሚያ ቤቱ ወጪ፣ ሕመሙ ከከፋ በኋላ የሚደረገው የሆስፒታል ቆይታ ግን በከፊል በሌላ በጀት ይሸፈናል ማለት ነው።

6. ሌሎች አማራጮች

ቴክሳስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የታራሚዎቿን ሕክምና በዋናነት ለሁለት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ሰጥታለች። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቅርንጫፍ በሚገኝበት በጋልቬስተን ከ1983 ጀምሮ ለታራሚዎች የተለየ ሆስፒታል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው በርቀት ሕክምናም ስፔሻሊስቱን ከሩቅ ማረሚያ ቤቶች ጋር ያገናኛል። የዚህ አማራጭ ብልጫ ሐኪሙ፣ የሕክምና መዝገቡና ሆስፒታሉ በአንድ ተቋም ሥር መሆናቸው ነው።

እንግሊዝ ደግሞ የማረሚያ ቤት ጤና አገልግሎትን እስከ 2006 ድረስ ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ አዛወረች። ሆኖም የነፊልድ ትረስት የምርምር ተቋም በ2017/18 መረጃ ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ከታራሚዎች የሆስፒታል የተመላላሽ ቀጠሮዎች 40 በመቶ ያህሉ ሳይፈጸሙ ቀርተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የአጃቢ እጥረት ነው። ሐኪሙ፣ ገንዘቡና ቀጠሮው ተገኝተው እንኳ መኪናውና አጃቢው ከጠፉ ሕክምናው የለም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ጉዳዮች እንደሚያመለክቱት፣ የስፔሻሊስት ሕክምና ውል ጥራት የሚለካው በዋጋውና በሐኪሙ ብቃት ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትን፣ ሥልጣንንና ገንዘብን መልሶ በሚያገናኝበት መጠን ነው። በዚህ መሠረት አራት ድንጋጌዎች በውሉ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። አንደኛ፣ ሪፈርን የሚከለክለው ከክልከላው ትርፍ የሌለው ሐኪም ይሁን፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ለላኪው ሐኪም ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ የጊዜ ገደቡ ሪፈር ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ የስፔሻሊስቱ ምክር እስከሚፈጸምበት ቀን ድረስ ይቆጠር እንጂ ቀጠሮ በመያዝ አያብቃ። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ የሚመደበው የአጃቢና የተሽከርካሪ ቁጥር የውሉ አካል ይሁን፤ የተሰረዘ ቀጠሮም ከነምክንያቱ ይመዝገብ። አራተኛ፣ አዲስ ጨረታ እስኪጠናቀቅ ነባሩ አገልግሎት ከነክፍያው እንዲቀጥል የሚያስገድድ አንቀጽ ይኑር።

እነዚህ ድንጋጌዎች አስተዳደራዊ ቢመስሉም የሕገ መንግሥታዊው ግዴታ መፈጸሚያ ናቸው። ፍርድ ቤት ግዴታው የመንግሥት መሆኑን ማወጅ ይችላል። ያ ግዴታ በአንድ ማለዳ አንድን ሕመምተኛ ከማረሚያ ቤት አውጥቶ ሐኪም ፊት የሚያደርሰው ግን በውሉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ሲገኝ ነው።