ስለ ሕፃናት ገላ መላጥ፤ መጠበቂያውና ሕክምናው

ሕፃን ሕመሙን በቃል ሊናገር አይችልም፤ ንግግሩ ልቅሶው ብቻ ነው። ስለዚህ ልቅሶውን የሚሰማ ሰው ራበው ወይስ አመመው ብሎ ሊመረምር ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ የልቅሶው ምክንያት ሆዱ ወይም ጥርሱ ሳይሆን፤ በሽንት ጨርቅ የተሸፈነው የመቀመጫውና የብሽሽቱ መላጥ ነው። ይህ ሕመም በጊዜው ከተጠበቁት በጥቂት ቀን ይድናል፤ ችላ ቢሉት ግን ወደ ቁስልና ወደ መግል ይደርሳል። ስለዚህ መምህራን በትምህርት ቤት፤ ሽማግሌዎችም በመንደር ሊያስተምሩት የሚገባ ነገር ነው።

1ኛ፤ ስለ አገሩ ጠባይ

በጫሞ ሐይቅ ዙሪያ ያለው አገር ቆላ ነው። የአርባ ምንጭ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሙቀቷ ብርቱ ነው። ከዚያ ወደ ተራራው የወጣ ሰው ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን ጨንቻን ያገኛል፤ ይኸውም ብርድና ጉም የሚበዛበት ደጋ ነው። የሕመሙ ሥር በሁለቱም አገር አንድ ሲሆን መንገዱ ይለያያል። በቆላ ላብ ከሽንት ጋር ተደምሮ ገላውን ያረጥበዋል፤ በደጋ ደግሞ ሕፃኑ ከብርድ እንዲጠበቅ በብዙ ልብስ ስለሚጠቀለል እርጥበቱ ቶሎ አይታወቅም፤ በዝናብም ወራት የታጠበው ጨርቅ ሳይደርቅ ይታሰርለታል። በሁለቱም አገር እናት በገበያ ቀን ልጇን በአንቀልባ አዝላ ከጧት እስከ ማታ ስትውል፤ ጨርቁ ሳይለወጥ እየፈተገው ይውላል።

2ኛ፤ ስለ ምክንያቱ

የቆዳ ላይኛው ክፍል እንደ ቤት ክዳን ነው፤ ክዳኑ ደኅና ሲሆን ዝናብ አያልፍም፤ ሲበሰብስ ግን ቤቱ ሁሉ ይርሳል። እንደዚሁም ገላ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰውንም ጨርቁ እየፈተገ ይልጠዋል። ሽንት ከዓይነ ምድር ጋር በተቀላቀለ ጊዜ አሞንያ የሚባለው የሚሰነፍጥ ነገር ይወጣል። ቀድሞ ሐኪሞች ጥፋቱን ሁሉ ለአሞንያ ይሰጡ ነበር፤ በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን አሞንያ ብቻውን ጤነኛ ገላ እንደማይልጥ ታወቀ። አሞንያ የገላውን ጠባይ ሲለውጥ፤ ከሆድ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጡት ምግብ የሚያልሙ ነገሮች ኃይል ያገኙና ምግብ እንደሚያልሙ ሁሉ ቆዳውን ይበሉታል። ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይላጣል። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን ዓይነ ምድሩ ገላን ስለማያቃጥል ይህ ሕመም ይቀንስለታል፤ እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ ማጥባት የሚመከረውም ስለ ብዙ ጥቅሙ ነው።

እንግዲህ ይህ ሕመም ከቡዳ ዓይን ወይም ከመጥፎ ንፋስ የመጣ አይደለም፤ እናቲቱንም ሰነፍ ናት ብሎ መንቀፍ አይገባም። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳና ብዙ ሥራ ያለባት ሴት የሚያስፈልጋት ረዳት እንጂ ነቀፋ አይደለም።

3ኛ፤ ስለ መጠበቂያው

የሽንት ጨርቅ በ2 ወይም በ3 ሰዓት አንድ ጊዜ፤ ዓይነ ምድር በወጣ ጊዜ ደግሞ ወዲያው ይለወጥ። የጋሞ አገር በጥጥና በዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ያረጀ ነጠላ ለዚህ ሥራ እጅግ የተሻለ ነው፤ ለስላሳ ነውና፤ እርጥበትም ይመጣል። ከጨርቁ በላይ ፌስታል ወይም ላስቲክ ማሰር ግን እርጥበቱንና ሙቀቱን ስለሚያፍን አይገባም። ከሱቅ የሚገዛው ዳይፐር እርጥበት በመምጠጡ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለቁጠባ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ገላው በንጹሕ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ ሳይታሽም በቀስታ ተጠቅጥቆ ይድረቅ። ሴት ልጅ ስትጠረግ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። የቆሸሸው ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ አረፋው እስኪጠፋ ይለቅለቅ፤ በፀሐይም ይሰጣ። የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ እርሱ ግን እንደ ትልቅ ሰው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋልና መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

4ኛ፤ ስለ ሕክምናው

ገላው ከቀላ በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያህል ያለ ጨርቅ በጥላ ሥር ነፋስ ያግኘው። ከዚያም በደረቀው ገላ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወይም ንጹሕ ቫዝሊን ወፈር ተደርጎ ይቀባ። በሚቀጥለው ጊዜ የቆሸሸው ብቻ ይነሣ እንጂ ቅባቱን ሁሉ ፈትጎ ማውጣት ገላውን እንደ ገና ያቆስለዋል።

አመድ፤ እበት፤ ሎሚ፤ አልኮልና ሽቶ ያለው ሳሙና በፍጹም አይነካው። ጥሬ ቅቤ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል በተላጠ ገላ ላይ አይቀባ። የሕፃን ዱቄት ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ይቅር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም ቆዳን ያሳሳል።

ቅላቱ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ መልኩን አስተውሎ ማየት ይገባል። በጨርቅ መፈተግ የመጣው ቅላት የብሽሽቱን እጥፋት አይነካም፤ ፈንገስ የገባበት ግን እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ እጅግ ይቀላል፤ በዙሪያውም ትንንሽ ቀያይ ነጥቦች ይበተናሉ። ለዚህ ኒስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል የተባለ መድኃኒት አለ፤ የሚያዘውም የጤና ባለሙያ ነው። ትኩሳት፤ መግል፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት፤ ደም ወይም ጡት እንቢ ማለት ከታየ፤ ሕፃኑም ገና አንድ ወር ያልሞላው ከሆነ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች የጤና ሠራተኞች ተመድበዋልና፤ በቅርብ ያሉትን መጠየቅ ይቻላል።

5ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች

በብዙ ቤት ሕፃኑን የምታዝለው ታላቅ እኅቱ ናት፤ እርሷም በትምህርት ቤት የተቀመጠችው ተማሪ ናት። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሴቶች ልጆች ብቻ ሳይሆን ለወንዶችም ይሰጥ፤ ሥራው ሲካፈል አንዲት ልጅ ስለ ሕፃን ጥበቃ ከትምህርቷ አትቀርምና። ሽማግሌዎችም ሕዝብ በዱቡሻ በተሰበሰበ ጊዜ፤ አባቶች ውሃ በመቅዳትና ሳሙና በመግዛት እንዲረዱ ቢመክሩ ቃላቸው ይሰማል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በቆላና በደጋ የሕፃን ገላ የሚላጥበት መንገድ በምን ይለያያል?
2. ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ቶሎ የሚላጠው ስለ ምንድን ነው?
3. በጨርቅ መፈተግ የመጣውን ቅላት ከፈንገሱ በምን እንለየዋለን?
4. ሕፃኑን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስወስዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?