የአገር መለያ በኢንተርኔት፦ ከ«ነጥብ ኢቲ» እስከ «ነጥብ ኤስኤስ»

በጋምቤላ ክልል የሚገኘው የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በ2014 ሲከፈት፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች የመጡባት አገር ነጻነቷን ካወጀች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገሪቱ ሰንደቅ ዓላማና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫ ነበራት። በኢንተርኔት ላይ ግን በራሷ መለያ የሚጠራ አንድም አድራሻ አልነበራትም። ይህ ለምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት የአገር መለያ እንዴት እንደሚሰጥና እንደሚተዳደር ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

አድራሻ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ለሰው የሚመቹትን ስሞች ወደ ቁጥር የሚለውጠው የዶሜይን ስም ሥርዓት የተነደፈው በ1983 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ፣ ማለትም «ኤኤዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ»ን፣ እንውሰድ። ፍለጋው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በቅድሚያ የሥርዓቱ ሥር የሆነው መዝገብ «ኢቲን የሚጠብቀው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ የኢቲ ሰርቨር ስለ ኢዲዩ፣ በመጨረሻም የኢዲዩው ስለ ኤኤዩ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚያውቀው ቀጥሎ የሚጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የአገር መለያ በሥሩ መዝገብ ካልገባ፣ ከእርሱ በታች የሚጻፍ ስም ሁሉ አይገኝም።

መለያውን ማን ይሰጣል?

የኢንተርኔት መሐንዲሶች አገር የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የእነርሱ ሥራ እንዳልሆነ አስቀድመው ተረድተዋል። በ1994 በወጣው መመሪያ መሠረት፣ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ ሁለት ፊደል የአገሮች ዝርዝር ይከተላሉ። ኢትዮጵያ «ኢቲ» የሆነችው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ መለያዋም በ1995 ሥራ ላይ ውሏል። ደቡብ ሱዳንም ነጻነቷን ባወጀችበት በ2011 «ኤስኤስ» የሚለውን መለያ አገኘች።

ይሁን እንጂ በዝርዝሩ መግባት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ደረጃ ውክልና ነው። መዝገቡን ለመጠበቅ የሚፈልግ ተቋም በ1998 ለተቋቋመው አይካን ለተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያመለክታል። አመልካቹ በአገሩ ውስጥ የሚሠራ መሆኑን፣ የቴክኒክ ብቃት እንዳለውና የኅብረተሰቡን ድጋፍ ማግኘቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። «ነጥብ ኤስኤስ» ለደቡብ ሱዳን ብሔራዊ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቶ በሥሩ መዝገብ የገባው በ2019 ነው። ፊደሉን ከማግኘት አድራሻ እስከ መክፈት ስምንት ዓመት ያህል አለፈ ማለት ነው።

ምዝገባው

በኢትዮጵያ መዝገቡን ይዞ የቆየው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ኃላፊነቱን የተረከበው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ስሞች እንደ ባለቤታቸው ዓይነት በየክፍሉ ይመደባሉ፦ ለንግድ «ኮም ነጥብ ኢቲ»፣ ለትምህርት «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ»፣ ለመንግሥት «ጎቭ ነጥብ ኢቲ»፣ ለድርጅቶች «ኦርግ ነጥብ ኢቲ»። በየትኛውም አገር ቢሆን አሠራሩ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ ያልተያዘ ስም ይመርጣል፤ ማንነቱን ያስታውቃል፤ ስሙን የሚያስተናግዱትን ሰርቨሮች አድራሻ ይሰጣል፤ ለተወሰነ ጊዜም ይመዘገባል። ጊዜው ሲያልፍ ካላሳደሰ ስሙን ሌላ ሊወስደው ይችላል።

አደራ እንጂ ርስት አይደለም

የ1994ቱ መመሪያ መዝገብ ያዡን ባለአደራ ይለዋል። መለያው የኅብረተሰቡ እንጂ የያዡ ንብረት አይደለምና። ዛየር በ1997 ስሟን ለውጣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ከሆነች በኋላ፣ የቀድሞ መለያዋ «ዜድአር» በ2001 ከመዝገቡ ተሰርዟል። በአንጻሩ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ብትፈርስም «ነጥብ ኤስዩ» ከእርሷ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

እዚህ ላይ አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የአገር መለያ ሰውዬው ወይም ሰርቨሩ የት እንዳለ አይናገርም፤ የሚናገረው ስሙ በማን መዝገብ እንደተጻፈ ነው። በትየርኪዲ ያደገ ወጣት ነገ ድረ ገጽ ቢከፍት «ኢቲ»ን ወይም «ኤስኤስ»ን ለመምረጥ ሲያስብ፣ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «መዝገቡን የሚጠብቅልኝ ማን ነው? ደንቡስ ምን ይላል?» የሚለውን ነው። የስሙ ዕድሜ የሚወሰነው በመዝገቡ ጠባቂ ትጋትና በራሱ ጥንቃቄ ነውና።