«እጁን ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ»

ይድረስ ለእትዬ፤

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንዱ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ በቅርቡ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። በ15 ወሩ ኤምኤምአር የሚሉትን ክትባት ተወግቶ በሳምንቱ አተኮሰው፤ ከዚያ ወዲህ የያዛቸውን ሦስት አራት ቃላት ተዋቸው። በመጀመሪያ ልደቱ ስሙን እየጠራን ስናጨበጭብለት ቀና ሳይል የመጫወቻ መኪናውን ጎማ ያሽከረክር ነበር፤ ምን ዓይነት ጭምት ልጅ ነው ብለን ስቀን አለፍን። አሁን እህቱ 11 ወሯ ነው፤ የክትባት ቀጠሮዋ ደርሷል። ባለቤቴ «አንዱን አጥተናል፣ እሷን አላስነካም» ብሏል። ቡና ላይ የምንገናኘው ሴቶችም «ያ መርፌ ነው» ይሉኛል። አማቴ ደግሞ ዓይን ነው ባይ ናቸው። ለመስቀል አዲስ አበባ ልንሄድ ትኬት ቆርጠናል። እጁን ይዤ ያስወጋሁት እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጥፋተኛ ነኝ ስትዪ፣ ጥፋተኛ አለመሆንሽን የሚያሳየውን ነገር ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ልብ አላልሽውም እንጂ። ልጅሽ የመጀመሪያ ልደቱን ያከበረው በ12 ወሩ ነው። የተከተበው በ15። ስሙ ሲጠራ ያልዞረው፣ ጎማውን ሲያሽከረክር የዋለው መርፌው ገና ሦስት ወር ሲቀረው ነው። የዚያን ቀን ቪዲዮ ከስልክሽ አይጠፋም፤ ቀኑን እዪው።

የሚያሳስተው የጊዜው መግጠም ነው። ኦቲዝም ለወላጅ ዓይን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የጀመሩትን ቃል የሚተዉ ልጆችም ብዙዎቹ የሚተዉት እዚያው ላይ ነው። ክትባቱም የሚሰጠው ያኔ ነው። መነሻው ግን ከዚያ ይርቃል፤ ትልቁ ድርሻ የዘር ነው፣ የሚጀምረውም ገና በማኅፀን ሳለ ነው። ስለ ትኩሳቱ አልዋሽሽም፤ ከዚህ ክትባት በኋላ ከ7 እስከ 12 ባሉት ቀናት አንዳንዱ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ሽፍታም ይወጣበታል። ከስንት አንዱ በትኩሳቱ የተነሳ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ያስደነግጣል፣ ግን ያልፋል።

ወሬው ከየት መጣ? (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር «ላንሴት» በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ልጆች ጻፈ። አሥራ ሁለት ብቻ! ብራያን ዲር የሚባል ጋዜጠኛ ጉዳዩን ሲበረብር፣ ሐኪሙ የክትባት አምራቾችን ሊከስ ከተነሳ ጠበቃ ገንዘብ ይቀበል እንደነበረ ታወቀ፤ ድምሩ ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። የልጆቹ ታሪክም ተጣሞ መጻፉን አጋለጠ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሰውዬውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬ ግን ፈቃድ አያሻውምና ባሕር ተሻግሮ ቡናሽ ላይ ደረሰ። ጃፓን ይህንኑ የሦስትዮሽ ክትባት በ1993 በሌላ ምክንያት አቁማው ነበር፤ በዮኮሃማ ከተማ ኦቲዝም የሚገኝባቸው ልጆች ቁጥር ግን ከዚያም በኋላ መጨመሩን ቀጠለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

«የአሜሪካው የጤና ሚኒስትርስ?» ትዪኝ ይሆናል። ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ከመሾማቸው በፊትም ለዓመታት ክትባትን ሲጠራጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሹመቱ ማስረጃ አልጨመረላቸውም።

ለአንቺ ቤት የሚቀርበው በ2015 በአሜሪካ የወጣው ጥናት ነው። ታላቅ ያላቸውን ከ95 ሺህ በላይ ልጆች ተመልክቷል፤ ልክ እንደ ትንሿ ልጅሽ ታላቃቸው ኦቲዝም ያለባቸውም ነበሩበት። ክትባቱ በእነሱም ላይ የኦቲዝምን ዕድል አልጨመረም። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ በሌላው ቤት ሁለት ዓመት ሲሞላቸው 84 ከመቶ የሚሆኑት ልጆች ተከትበው ሳለ፣ ታላቁ ኦቲዝም ባለበት ቤት ግን 73 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፍርሃቱ የአንቺ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አንድ መራራ ነገር ግን ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ታላቁ ኦቲዝም ካለበት ታናሹም የማግኘት ዕድሉ ከ5 አንድ ገደማ ነው፤ ለሴት ልጅ ዝቅ ይላል። ይህ ዕድል ብታስከትቢያትም ባታስከትቢያትም ያው ነው። ካላስከተብሻት ግን ክትባቱ የሚከላከለው የኩፍኝ ስጋት ይጨመርበታል።

ኩፍኝን አማትሽን ጠይቂያቸው። መስኮት ተዘግቶ፣ ዓይኑ ቀልቶና ተጣብቆ ጨለማ ውስጥ የሚተኛውን ልጅ በእሳቸው ዘመን ያላየ የለም። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ መከላከያ የሌላቸው 10 ሰዎች ከበሽተኛው ጋር ቢውሉ 9ኙን ይይዛል። ሚኔሶታ ያሉት ሶማሌ ወገኖቻችን የእናንተው ዓይነት ፍርሃት ገባቸው፤ ዌክፊልድም ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ አነጋገራቸው። በ2004 92 ከመቶ የነበረው የልጆቻቸው ክትባት በ2014 ወደ 42 ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰው ታመመ፤ አብዛኞቹ የእነሱ ልጆች ነበሩ።

ጉዞው ደግሞ ጉዳዩን ያጣድፈዋል፤ ኩፍኝ አገር ቤት ዛሬም ይነሳል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሕፃን ከ6 ወሩ ጀምሮ መከተብ ይችላል፤ ከመነሳታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ደግ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላት የወሰደችው ግን ከመደበኞቹ ሁለት ክትባቶች አይቆጠርላትም።

ባለቤትሽን በክርክር አትግጠሚው። ያ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሐዘን ላይ ነው። ሆኖም «አንዱን አጥተናል» ማለቱን አልቀበለውም። ልጁ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጎማ እያሽከረከረ ነው! አባቱ ምንጣፉ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ይዞ አብሮት ያሽከርክር፤ ልጁ ቀና ብሎ የሚያየው ያኔ ሊሆን ይችላል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ያንን ቪዲዮ አብራችሁ እዩት፤ ሌላ ነገር ሳትናገሪ ቀኑን ብቻ አሳዪው። ከዚያ የትንሿ ልጃችሁ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱና የሚከነክነውን ሁሉ እሱ ይጠይቅ። አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ። አማትሽ ልጁን ጠበል ልውሰደው ካሉ ይውሰዱት፤ ጠበል ከሐኪም ጋር አይጣላም።

ስለ ራሱ ስለ ልጁ ምንም አልጠየቅሽኝም፤ ከሁሉ የቆጨኝ እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚገመገመው በነጻ ነው፤ ሐኪም እስኪልክሽ ሳትጠብቂ ራስሽ ወደ ካውንቲሽ መደወል ትችያለሽ። ልደቱ ሳያልፍ ዛሬውኑ ደውዪ። አዲስ አበባ ስትገቢም እንግዳ መጣ ብለሽ ጓዳ አታስገቢው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተው፣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እዚያው አዲስ አበባ ነው። አማርኛውንም አትተዉበት። ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ሁለት ቋንቋ በመስማቱ ንግግሩ አይጎተትም፤ አያቱም እንግሊዝኛ አያውቁም ብዬ እገምታለሁ።