ስለ ኤይባር ከተማ የኳስ ሜዳ አሠራርና መታደስ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

ታላቅ ሥራ የሚሠራው በታላቅ ከተማና በባለጸጋ እጅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ጥቂት ሕዝብ ያላት ከተማ አቅሟን አውቃ፥ ከዕዳም ተጠብቃ፥ ልጆቿ በአንድ ልብ ሲሠሩ፥ ባለጸጎች ከሚደርሱበት ስፍራ ትደርሳለች። ይህም በእስፓንያ አገር ኤይባር በምትባል ትንሽ ከተማ በተሠራው የኳስ ሜዳ ታሪክ ይታወቃል። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ ስለ ከተማዪቱና ስለ ሕዝቧ

ኤይባር በሰሜን እስፓንያ፥ ባስኮች በሚኖሩበት አገር፥ በጊፑስኮዋ አውራጃ ትገኛለች። ከቢልባዎና ከሳን ሴባስትያን ከተሞች መካከል፥ ኤጎ በሚባል ትንሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተቈረቈረች ናት። የሕዝቧ ቍጥር 27,000 ያህል ነው። ተራሮች ከግራና ከቀኝ ስላጠበቧት ሜዳማ መሬት የላትም፤ ስለዚህ ቤቶቿ ፎቅ ሆነው፥ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው፥ በዳገቱ ላይ ተሠርተዋል። መንገዱም እጅግ ዳገታም ስለ ሆነ፥ በአንዳንድ ስፍራ መንገደኛውን በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ ተሠርቷል።

ለእርሻ የሚሆን ሰፊ መሬት ስላልነበራቸው የኤይባር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በብረት ሥራ ይኖሩ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ጠመንጃና ሽጉጥ እየሠሩ ስለ ሸጡ፥ የከተማዪቱ ኳስ ተጫዋቾች ዛሬም ጠመንጃ ሠሪዎች እየተባሉ ይጠራሉ። ከ1914 እስከ 1918 ከተደረገው ታላቅ ጦርነት በኋላ የጦር መሣሪያ ገበያ ሲቀንስ ግን፥ ጥበበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1920 ሠራተኞች ያቋቋሙት አልፋ የተባለው ማኅበር ከጠመንጃ ወደ ልብስ ስፌት መኪና ተመለሰ። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ይሠራ የነበረው ኦርቤአ የተባለው ቤትም ቢስክሌት መሥራት ጀመረ። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን የሚያስታውስ ሰው፥ የዚችን ከተማ ሥራ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ይሁን እንጂ በ1936 በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የጦሩ ግንባር ለብዙ ወራት በከተማዪቱ አጠገብ ቆየ፤ በኤፕሪል 1937ም ከአይሮፕላን ቦምብ ስለ ተጣለባት፥ የከተማዪቱ ብዙው ክፍል ፈረሰ፥ ተቃጠለም።

፪ ሜዳው መጀመሪያ እንደ ተሠራ

ጦርነቱ በ1939 ተፈጸመ። በሚከተለው ዓመት፥ ማለት በ1940፥ ሕዝቡ የፈረሰውን ቤቱን ገና በመሥራት ላይ ሳለ፥ በከተማዪቱ የነበሩ ሁለት የኳስ ቡድኖች ተባብረው አንድ የስፖርት ማኅበር ሆኑ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1947 ደግሞ ኢፑሩዋ የተባለው የኳስ ሜዳ ተከፈተ። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ለጨዋታ ስፍራ ማበጀቱ ከንቱ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የእርስ በርስ ጦርነት የለያየው ሕዝብ ተሰብስቦ በአንድነት ደስ የሚሰኝበት ስፍራ ማግኘቱ፥ ከቤትና ከመንገድ መሠራት የሚያንስ ጥቅም አይደለም።

ሜዳው ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ዳገት፥ በሌላው ወገን የመኖሪያ ፎቆች ይዘውታል። በጨዋታ ቀን ከነዚህ ፎቆች ላይ ብዙ ሰዎች በመስኮታቸው ሆነው ጨዋታውን ያያሉ። የተመልካቹም መቀመጫ ለሣሩ እጅግ ቅርብ ስለ ሆነ፥ ተጫዋቹ የሕዝቡን ድምፅ በጆሮው አጠገብ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል።

ማኅበሩ ለረጅም ዘመን በታችኞቹ ክፍሎች ሲጫወት ኖረ። ከ1988 እስከ 2006 ድረስ በሁለተኛው ክፍል 18 የውድድር ዘመን ቆየ። ገንዘቡ ጥቂት ስለ ሆነ ከታላላቆቹ ማኅበሮች ወጣቶችን በውሰት እየተቀበለ ያጫውት ነበር። ኋላ በ2010 ከእስፓንያ ጋራ የዓለምን ዋንጫ ያገኙት ቻቢ አሎንሶና ዳቪድ ሲልቫ፥ በወጣትነታቸው በዚህ ትንሽ ሜዳ ላይ ተጫውተዋል።

፫ በ1914 ሳይሆን በ2014 ስለ መጣው ፈተና

ማኅበሩ በ2013 ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ወጣ። በተከታዩም ዓመት፥ በ2014፥ በሁለተኛው ክፍል ቀዳሚ ሆኖ፥ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛው ክፍል ለመግባት በቃ። በዚያን ጊዜ ሜዳው የሚይዘው ሰው ከ5,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሊገጥማቸው ካሉት አንዱ የባርሴሎና ማኅበር ግን 99,000 ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲዮም ነበረው። ይኸውም የኤይባር ሕዝብ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ቢሰበሰብ፥ የዚያን ስታዲዮም ሢሶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

በዚህ ደስታ መካከል ግን ጭንቀት መጣ። በእስፓንያ በ1999 የወጣ ደንብ፥ በሙያ የሚጫወት የስፖርት ማኅበር፥ በሁለተኛው ክፍል ያሉት ማኅበሮች በአማካይ ከሚያወጡት ገንዘብ ሩቡን የሚያህል ካፒታል እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። የደንቡ አሳብ ማኅበሮች በዕዳ እንዳይጠፉ ነበር። ኤይባር ግን ዕዳ አልነበረበትም፤ ወጪው ትንሽ፥ ካፒታሉም 422,253 ዩሮ ብቻ ነበር። በደንቡ መሠረት 2,146,525 ዩሮ እንዲኖረው ተጠየቀ። ይህን እስከ ኦገስት 6 ቀን 2014 ካላሟላ፥ በጨዋታ ያሸነፈውን ማዕርግ በገንዘብ ማነስ አጥቶ ወደ ታች እንዲወርድ ተወሰነ። ስለዚህ ሌሎች በዕዳ ተዘፍቀው ሳሉ፥ ዕዳ የሌለበት ማኅበር የሚቀጣ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ማኅበሩን ከአንድ ባለጸጋ ለመሸጥ ቀላል ነበር። የማኅበሩ አለቆች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። አክሲዮን አውጥተው ከ50 ዩሮ ጀምሮ ለሚገዛ ሁሉ ሸጡ። ደግሞ አንድ ሰው ከ100,000 ዩሮ የበለጠ እንዳይገዛ ከለከሉ። ይህን ያደረጉበት ምክንያት አንድ ጌታ ማኅበሩን ጠቅልሎ እንዳይዘው ነው። ሠራተኛው፥ ባለሱቁ፥ ጡረተኛው ሁሉ ገዛ፤ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎችም ነገሩን ሰምተው ከ40 ከሚበልጡ አገሮች ገንዘብ ላኩ። ቀድሞ በውሰት የተጫወቱት ቻቢ አሎንሶና ዳቪድ ሲልቫም ውለታውን ሳይረሱ ለማኅበሩ ድጋፋቸውን ገለጡ። ቀኑም ሳይደርስ የጐደለው ገንዘብ ሞላ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ተረት በእስፓንያ ምድርም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ኦገስት 24 ቀን 2014 በኢፑሩዋ የመጀመሪያው የአንደኛ ክፍል ጨዋታ ተደረገ። የመጡትም እንግዶች ጎረቤታቸው የሳን ሴባስትያኑ ሪያል ሶሲዬዳድ ነበሩ፤ ኤይባርም 1 ለ 0 አሸነፈ።

፬ ዕዳ የሌለበት እንደ ተረፈ

የመጀመሪያው የውድድር ዘመን በ2015 ሲፈጸም፥ ኤይባር ከ20 ማኅበሮች 18ኛ ሆነ። ሦስቱ መጨረሻዎች ስለሚወርዱ እርሱም መውረድ ይገባው ነበር። ነገር ግን ኤልቼ የተባለው ማኅበር 13ኛ ሆኖ ሳለ፥ ለመንግሥት ግብር ያልከፈለው ዕዳ ስለ ነበረበት፥ እንዲወርድ ተፈረደበት። በእርሱም ስፍራ ኤይባር ቀረ። ዕዳን መጠንቀቅ በዓመቱ መካከል ፍሬው የማይታይ ቢሆንም፥ ዘመኑ ሲደርስ ባለቤቱን ያድናል።

፭ ሜዳው እንደ ታደሰ

በዚያው በ2015 የእስፓንያ መንግሥት የቴሌቪዥን ገቢ ስለሚከፈልበት ሥርዓት አዲስ ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር ለየብቻው ይሸጥ ስለ ነበር፥ ታላላቆቹ ብዙ፥ ታናናሾቹ ጥቂት ያገኙ ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ሽያጩ በአንድነት ሆኖ፥ ከአንደኛው ክፍል ድርሻ ግማሹ ለሁሉ እኩል እንዲከፈል ታዘዘ። ኤይባርም ከዚህ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ለውድ ተጫዋቾች መግዣ አላባከነውም፤ ከፊሉን ሜዳውን ለማደስ አዋለው።

የዕድሳቱ አሠራር ለአስተዋይ ሰው ትምህርት ይሆናል። ማኅበሩ አሮጌውን ሜዳ ትቶ ከከተማ ውጭ ታላቅ ስታዲዮም ልሥራ አላለም። ጨዋታው በዚያው ስፍራ ሳይቋረጥ፥ የተመልካቹን መቀመጫ በየወገኑ በተራ እያፈረሰ እያሰፋ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢፑሩዋ 8,164 ሰው የሚይዝ ሆነ። ይህ ቍጥር በሌላ አገር ትንሽ ይባል ይሆናል፤ ለኤይባር ግን ከ10 ሰው ለ3ቱ ስፍራ ማዘጋጀት ነው። የሚበልጠውን ቢሠሩ ባዶ መቀመጫና ዕዳ በተረፋቸው ነበር።

በ2016 ወይዘሮ አማያ ጎሮስቲሳ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኑ። ኖቬምበር 24 ቀን 2018 ደግሞ ኤይባር በዚሁ በታደሰው ሜዳ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 0 አሸነፈ። በ2021 ግን ሰባት ዓመት በአንደኛው ክፍል ከቆየ በኋላ ወደ ሁለተኛው ወረደ። በጨዋታ መውጣትና መውረድ ያለ ነው። ሆኖም ያን ጊዜ ሜዳው በሐራጅ አልተሸጠም፤ ማኅበሩም አልፈረሰም። በጥቂቱ የተሠራው መቀመጫ ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ቀረ።

፮ ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ምክር

የትምህርት ቤት አጥር፥ የውሃ ጉድጓድ ወይም የልጆች መጫወቻ ሜዳ ለማሠራት የሚያስብ መንደር ከኤይባር ሦስት ነገር ይማራል። አንደኛ፥ የሥራውን መጠን በጎረቤት ከተማ ሳይሆን በራሱ ሕዝብ ቍጥር ይለካ። ሁለተኛ፥ ድኻውም የሚችለውን እንዲሰጥ መዋጮው ከትንሽ ይጀምር፤ የሁሉ የሆነውን ነገር አንድ ሰው የኔ እንዳይለው፥ የባለጸጋውም ስጦታ ልክ ይኑረው። ሦስተኛ፥ ሥራው በአንድ ጊዜ የማይፈጸም ቢሆን፥ በየዓመቱ በእጅ ባለው ገንዘብ ከፍሎ መሥራት፥ ተበድሮ በአንድ ቀን ከመጨረስ ይሻላል።

መምህሩ ለደቀ መዛሙርት የሚያቀርበው ጥያቄ

1. የኤይባር ሰዎች ከእርሻ ይልቅ በብረት ሥራ የኖሩበት ምክንያት ምንድር ነው?

2. ማኅበሩ 422,253 ዩሮ ነበረው፤ የተጠየቀው 2,146,525 ነው። የጐደለው ስንት ነው? እያንዳንዱ ሰው 50 ዩሮ ብቻ ቢያዋጣ ስንት ሰው ያስፈልግ ነበር?

3. አንድ ሰው ከ100,000 ዩሮ በላይ እንዳይገዛ ለምን ተከለከለ? ክልከላው ባይኖር ምን ይደርስ ነበር?

4. በመንደራችሁ በመዋጮ የተሠራ ምን አለ? ማን ጀመረው? አሁንስ ማን ይጠብቀዋል? ይህን ልጆቹ ከሽማግሎች ጠይቀው ጽፈው ያምጡ።