አረጋውያንን ዳግም በእግራቸው ማቆም

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ (1፥31) እንደሚያስተምረን፣ ጌታችን በንዳድ ታማ የተኛችውን የጴጥሮስን አማት እጇን ይዞ ባስነሣት ጊዜ ከሕመሟ ተፈወሰች፤ ወደ አገልግሎቷም ተመለሰች። የሰበካችን የአረጋውያን ጉብኝትም እስከዚህ ሊደርስ ይገባዋል።

በቦንጋና በካፋ ገጠሮች ከሕክምና የተመለሱ አረጋውያንን ልጆችና ጎረቤቶች በፍቅር ያስታምማሉ። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም ነገር በሌላ ሰው እጅ ከተሠራላቸው ጡንቻቸው ይደክማል። ዝናብ በማያጣው ተዳፋት መንገድ ላይ የእግር መድከም ለመውደቅ፣ መውደቅም ለአጥንት ስብራት ይዳርጋል።

እርጅና ብርታትን ከማግኘት አይከለክልም። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን የተደረገ ጥናት በተቋም የሚጦሩና ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ አረጋውያንን ተከታትሎ ነበር፤ ለ8 ሳምንታት ክብደት በእግራቸው በማንሣት የተለማመዱት 9 ሰዎች የእግር ብርታታቸው በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል።

ሐኪም ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከፈቀደ በኋላ በቤት ባለው ነገር እንጀምር፦

1. መነሣትና መቀመጥ፦ ዝቅተኛ በርጩማ ስለሚያስቸግር ከፍ ካለ መደብ ወይም ግድግዳ ካስደገፉት ጠንካራ ወንበር መነሣት፤ ከዚያም በዝግታ መቀመጥ። በመጀመሪያ በእጅ መደገፍ ይቻላል።

2. ተረከዝን ማንሣት፦ የበሩን መቃን ይዞ በጣቶች ላይ መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ።

3. ክንድን ማጠንከር፦ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እርሱን ይዞ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት።

እያንዳንዱን በአቅም ከ5 ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 10 ማሳደግ ነው። ትንፋሽን አፍኖ መያዝ አይገባም። አጠገባቸው ሰው ይቁም፤ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ብርቱ የትንፋሽ እጥረት ከተሰማቸው ወዲያው አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይጠነክርም። በጾም ወቅት ባቄላ፣ አተርና ምስር ከገበታቸው እንዳይጠፉ ቤተ ሰቡን እናሳስብ። ከሕመም ገና ያላገገሙትም ስለ ጾማቸው የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ካህናት ቀድመው ያነጋግሯቸው።

የሰበካ ጉባኤያት ከሕመም የተነሡ አረጋውያንን መዝግበው ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 2 ቀን የሚጎበኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይመድቡ። ወጣቱ ሲሄድ «ምን ላቅርብልዎ?» ከማለት አስቀድሞ «አባባ፣ ዛሬ እስኪ አብረን እንነሣ» ይበል። ዛሬ ከመደብ ለመነሣት የበረታ እግር ነገ ወደ ደጀ ሰላም ለመሄድ ተስፋ አለው።