ዳገት ላይ የፈላ ሞተር

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዳገት የመንዝ ሰው ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ማሽላና ሰው ጭኖ ይህን ዳገት ይወጣል እንበል። ደብረ ሲናን አለፍ እንዳለ ከፊቱ እንፋሎት ይነሣል። ሾፌሩ ያቆማል። አንዱ ተሳፋሪ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ሌላው ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ይሮጣል። እስከዚህ ደኅና ነው።

ባለ ጀሪካኑ ሲመለስ «ቶሎ ክፈተውና እንጨምርበት» ይላል። አይከፈትም! ለምን?

ባቄላ መንዝ ላይ ሲቀቀል ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። ጥፋቱ የማገዶው አይደለም። ከፍ ባለ አገር የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በሸዋ ሮቢት በ96፣ በጣርማ በር በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም።

የራዲያተር ክዳን የተሠራው ለዚሁ ነው። በውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውሃው 100 ዲግሪ ደርሶም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን የታፈነው ውሃ ባንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል። ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ሞተሩ ይጥፋ፤ ክዳኑ በእጅ ሲነካ እስከማያቃጥል ድረስ፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ይጠበቅ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ሾፌሩ «ትንሽ ልግፋ» ብሎ ሞተሩ እየፈላ ነድቶት ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል። የሞተሩን የላይኛ ክፍል መካኒኮች ቴስታታ ይሉታል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላና ፍሪሲዮንም እንዲሁ። በቴስታታውና በታችኛው አካል መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ማሸጊያ አለ። ሙቀት ሲበዛ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ውሃ ወደ ዘይት ሊገባ ይችላል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስናወጣው ዘይቱ ወተት እንደ ነካው ቡና ከሆነ፣ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ውሃ የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት አያድንም።

መካኒኩ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃውንና ዘይቱን ያፈሳል። የቴስታታውን ብሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ ጥቂት በጥቂት እያላላ ይፈታል። ቴስታታውን አንሥቶ በቀጥ ያለ ብረት መጣመሙን ይለካል። ከተጣመመ በማሽን ይላጋል፤ ከተሰነጠቀም ይመረመራል። ከዚያ ፊቱ በደንብ ይጠረግና አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል። አሮጌውን መልሶ ማስገባት ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ብሎኖቹ ሲጠብቁ አሁን ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ያውም ባንዴ ሳይሆን በዙር በዙር፣ ልክ ባለው መፍቻ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻውን ጥገና ነው አንልም። ሞተሩን ያፈላው ምን ነበር? ቺንጋው ላልቶ ይሆናል። ራዲያተሩ በጭቃና በገለባ ተደፍኖ ይሆናል። የክዳኑ ሞላ ደክሞም ይሆናል። ለውሃው መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታትም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጥዶ ማየት ነው፤ ውሃው ሞቆ ካልተከፈተ ተበላሽቷል። ምክንያቱ ሳይገኝ መኪናው ቢመለስ፣ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ይፈላል።

አዲስ ዘይትና ውሃ ከገባ በኋላ ሞተሩ ይነሣና ጭሱ ይታያል። በመንዝ ብርድ ጠዋት የሚታየው ቀላል ነጭ እንፋሎት አያስጨንቅም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ውሃው እየጎደለ ከሄደ ግን ቴስታታው እንደገና ይፈታል።