የአስም ሕሙማን በቤታቸው ሊኖራቸው የሚገባ ጽሑፍ



በሀገረ ስብከታችን፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉት ደጋማ ከተሞችና መንደሮች፣ የአስም ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው በሌሊት፣ ብርዱ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ስለ ራሱ ማስረዳት ይሳነዋል፤ ቤተሰቡም ይደናገጣል። ስለዚህ ምን መደረግ እንዳለበት ሕመሙ ሳይነሣ፣ በደኅናው ቀን፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል።

አስም የሳንባ የአየር ቧንቧዎች ውስጣቸው ሲያብጥና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ሲኮማተሩ የሚመጣ ሕመም ነው። በአፍ የሚሳበው መድኃኒትም ሁለት ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በፍጥነት ያላላል፤ እብጠቱን ግን አያስወግድም። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ደግሞ እብጠቱን ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ በጤና ቀንም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲሻላቸው ይህን ሁለተኛውን በመተዋቸው ነው። ጂና በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል።

ጽሑፉ እንደ ሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት በሦስት ይከፈላል።

አረንጓዴ፦ ሕመምተኛው ሌሊት በደኅና ይተኛል፤ ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል። የዘወትር መድኃኒቱን ይቀጥላል።

ቢጫ፦ ሳል ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ፈጣኑን መድኃኒት ደጋግሞ ይሻል። ሐኪሙ ለዚህ ጊዜ የጻፈለትን መጠን ይወስዳል፤ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ቀይ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ፈጣኑ መድኃኒት አይረዳውም። እስኪነጋ ሳይጠበቅ፣ መድኃኒቱን በመንገድ ላይም እየሳበ፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

የመድኃኒቱን ስምና መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ቀለሙ ይቀባላቸው፤ ልጆችም በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ያስረዷቸው። ወረቀቱ በሣጥን አይቆለፍበት፤ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም በተመለሰ ቁጥርም ይታደስ።

ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮችም በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ የማገዶ ጭስ፣ አቧራ፣ ከቡና ጋር የሚጨስ ዕጣን፣ የደመራ ጭስ። ታማሚዋ እናት ከሆነች ሌላው የቤተሰብ አባል እሳቱን ይረከባት። ይህ ፍቅር በሥራ የሚገለጥበት ነው።

አንዳንዶች «በጸሎት እየታመንሁ መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት አይሆንብኝምን?» ይላሉ። አይሆንም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሕመምተኛው እንዲጸልይም፣ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ያስተምራል። እንግዲህ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 በመሠረቱት፣ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 በሚውለው የሕሙማን ቀን፣ ታማሚዎችን ስንጎበኝ ከጸሎታችን ጋር ይህንንም እንጠይቃቸው፦ ወረቀትዎ በግድግዳው ላይ አለን?

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን አስም ያለበት ሰው ማን ነው? በሌሊት ቢታመም ማን ያደርሰዋል?
2. በቤታችን ጭስን ለመቀነስ ዛሬ ምን ማድረግ እንችላለን?